ሰንጢው

ሲታጠፍ ስንዝር ነው፣ ሲዘረጋ ክንድ ሊያክል ይቃጣዋል፣
የሱሪዬን ኪስ ሦስት ጊዜ በልቶታል።
"ምን ተሸክመህ ነው?" ይላል ሰፊው ሙዘይን
መነጽሩን ሰቅሎ ሲያይ ቀዳዳዬን።
አውጥቼ ባሳየው ከት ብሎ ሳቀና
"ይሄ ለበሬ ነው፤ ኪስ ምን በወጣው?" አለና
በጂንስ ቁራጭ ደርቦ ጣፈው እንደገና።

አንድ ስለት ብቻ። መቀስ የለው፣ መፍቻ፣
የቡሽ መንቀያ፣ የቆርኪ መክፈቻ፤
አንድ የናስ ችንካር፣ አንድ የጎሽ ቀንድ
ከመዳፍ ጋር ኖሮ መዳፍ የሆነ በግድ፣
ሲከፈት "ቋ!" የሚል፣
ሰው ዞር የሚያስብል።

ጃርሶ ቀጥቃጩ ነው ለአባቴ የሠራለት
ከትሬንታ ኳትሮ ባሌስትራ ስብራት፣
ጎጀብ ቁልቁለት ላይ ጭነት ከረታት።
"ብረቱ መንገድ ያውቃል" ይል ነበር አባቴ፣
"ቦንጋን ከኔ በፊት አይቷል።"
እውነቱን ነው። እሱ ከጅማ ርቆ አያውቅም፤
ከአጋሮ ያለፈ እንደሆን ለለቅሶ ነው።

እሑድ እሑድ ይስለው ነበር ከአዌቱ በመጣ ድንጋይ፣
ምራቁን እንትፍ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ እጁን ሳያይ፤
ጆሮው ነበር የሚያውቀው ስለቱ ሲመጣ፣
ድምፁ እየቀጠነ ከድንጋዩ ሲወጣ።
የክንዱን ጸጉር ላጭቶ፣ "ተሳለ" ይል ነበር።
እኔ ልጅ ነኝ፤ ስለት የማውቀው በእናቴ ነው፣
ታናሼ ከኩፍኝ ሲድን ለወልዩ ፍየል ባስነዳት።
"ተሳለ" ሲል ታዲያ እጠብቅ ነበር፣
ለማን ተሳለ? መቼ ይሰጣል? እያልኩ በልቤ።
የተሳለ ነገር ቤት አይቀመጥም መስሎኝ።

አሁን የኔ ነው፤ ግማሹን ዓመት፣ ወደዚያ እመለሳለሁ።
ሄርማታ በር ላይ ሸንኮራ እከትፍበታለሁ፣
የበቆሎ ኬሻ አፍ እፈታበታለሁ፣
የልጄን እርሳስ ለፈተና እቀርጽበታለሁ፣
የራውዳን ፍየል ገመድ ሲያንቃት ደርሼ በጥሼበታለሁ።
የማንጎ ልጣጭ ሳይበጠስ እንደ ጥምጥም ይወርዳል፣
የሰፈር ልጅ ትንፋሹን ይዞ ይቆጥራል።
ክረምት ግን ጠላቱ ነው። የጅማ ዝናብ ኪስ ውስጥ ይገባል፤
አንድ ሳምንት ዘይት ብነፍገው ቡናማ ላብ ያልበዋል።
ባንክ በር ላይ አንዴ ዘቡ አየውና
"አባት፣ ይሄ ሰንጢ ነው ወይስ ጎራዴ?" አለና
ተቀብሎ ቁጥር ሰጠኝ፣ ሰባት።
ትቼው ስገባ ቀኝ ጎኔ ቀለለ፤
ወደ ግራ ያዘነበልኩ መሰለኝ።

አባታችን ያረፈ ዓመት ነው የተጣላነው።
ቤቱን ሸጠን ብሩን እኩል ቆጠርን፣
አልጋውን፣ ራዲዮውን፣ ሁለቱን በርጩማ ሳንነታረክ ተካፈልን።
ሰንጢው ቀረ።
"ታላቅ እኔ ነኝ" አልኩ።
"ሲታመም አጠገቡ ያደርኩት እኔ ነኝ" አለ ታጁ።
ቃል ቃልን ወለደ፤
የሽማግሌዎቹ ሻይ በረደ።
እጄ ኪሴ ገባ፣ ለምን እንደገባ ዛሬም አላውቅም፣
አውራ ጣቴ የጥፍር መያዣውን አገኘ።
ሐምሌ ነበር። ዝጎ ነበር። አልከፈት አለ።
ሁለት እጅ ጠየቀኝ። በሁለት እጅ ስታገል
ሁሉም አየኝ፤ ታጁ አየኝ፤ እኔም ራሴን አየሁ።
"ቋ!" አለ በመጨረሻ።
ማንም አልተነፈሰም፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ብቻ።

ቀድሞ የተነፈሰው ታጁ ነው።
ከበሩ ጥግ አንድ ሸንኮራ አንስቶ አቀበለኝ፣
"በል ለሁለት ክፈለው፤ መርጬ እወስዳለሁ" አለኝ።
እንዲያ ተጠንቅቄ ነገር ቆርጬ አላውቅም፤
በስንዝር ለካሁ፣ በአንጓ ቆጠርኩ።
እሱ አጭሩን አነሳ።

ከመስከረም እስከ የካቲት የሱ፣ ከመጋቢት እስከ ነሐሴ የኔ፤
ጳጉሜን ዘይት ጠጥቶ ድንጋዩ ላይ ያድራል።
"ይታጠፍ ሰንጢው እንጂ ቃል አይታጠፍ" አሉ ሽማግሌዎቹ፣
ሻያቸውን አስሞቁ።
በመጀመሪያው መስከረም ስሰጠው
ያ "ለማን ተሳለ?" ይል የነበረው ልጅ ትዝ አለኝ።

ዛሬ መጋቢት ሦስት ነው። ታጁ አልመጣም።
መንገድ ይሆናል፤ ዝናብ ይዞት ይሆናል።
ሸንኮራ ሻጩ ቢላውን አውሶኝ ነበር፣ አልቆረጠልኝም።
እጄ ግን ልማዷ ነው፣ ኪሴ ትገባለች፣
የሙዘይንን ስፌት አልፋ፣ የለቀቀውን ክር አልፋ
ጭኔን ታገኛለች።